ሐኪምሽ ቤትሽ ናት

ሰኞ፣ 3

አደባባዩ ላይ ሰቀሉኝ። ፎቶዬን ማለቴ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ስልክ ይዤ፣ ድዴ እስኪታይ እስቃለሁ። ከሥሬ በትልቁ «ሐኪምሽ ቤትሽ ናት»፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ከእንግዲህ ለሕክምና ብለሽ ከቤት አትወጪም» ይላል። በቴሌቪዥንም ይተላለፋል፤ እዚያ ላይ ይህንኑ የምናገረው ራሴ ነኝ። «ትንሽ ፈገግታ ጨምሪበት» እያሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስደጋገሙኝ።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አፍጥጣ አየችኝና «ተዋናይ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ሐኪም ነኝ ብላት ወይ ፍንክች። «ኧረ የሆነ ድራማ ላይ አይቼሻለሁ!» ዕድሜዬን በትምህርት የፈጀሁት ለዚህ ነው? ደሜ ፈላ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በአደባባዩ በኩል ዞሬ ሄድኩ፣ እግሬን ለማፍታታት ያህል።

ረቡዕ፣ 5

እማዬ ዛሬም ደውላ «አሁን አንቺ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አለችኝ። ለስንተኛ ጊዜ! ሴቶች ቤታቸው ሆነው ይደውሉልኛል፣ በቪዲዮ አያቸዋለሁ፣ መድኃኒቱን በኮምፒውተር አዝዛለሁ፣ ምድር ቤት ያለችው ፋርማሲስታችን ታሽገዋለች፣ ባለሞተሩ በራቸው ድረስ ያደርሰዋል። ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት መለኪያ ያለበት ሳጥን እንሰጣለን። «ታዲያ ሆዳቸውን በምን ትዳስሺዋለሽ?» አለችኝ። ከእናቴ ጋር ተነጋግሮ ማሸነፍ አይቻልም። ጉልበቷን ያማታል። በባለሞተሩ ቅባት ላኩላት።

ከሰዓት በኋላ ባለመጋረጃዋ ደወለች። የታካሚ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ሁልጊዜ ሰማያዊ መጋረጃ ሥር ተቀምጣ ስለምትደውል ነው። የመጀመሪያ ልጇን ነው ያረገዘችው፣ ስምንተኛ ወሯን እያገባደደች ነው። እንደልማዴ «ብቻሽን ነሽ?» አልኳት። ወደ ጎን አየት አድርጋ «አዎ ዶክተር» አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው አሳለ። አማቷ ናት። ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤት የለም።

ድሮ ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄድ ነበር። በሁለት አውቶቡስ። ባሏ ከወራት በፊት ስለእኛ ሰማና «ከእንግዲህ አትንገላቺም» ብሎ የእኛ ደንበኛ አደረጋት። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከቤት የምወጣው ለዚያ ብቻ ነበር እኮ» አለችኝ።

«ወረፋው ናፈቀሽ?» ብዬ ሳቅኩባት። እሷም ሳቀች።

ቅዳሜ፣ 8

ባለራዕዩ ሰበሰበን። ባለራዕይ የምለው የድርጅቱን መሥራች ነው፤ «ራዕያችን» ሳይል አይውልም። የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው፣ «ዶክዬ» ይለኛል። ታካሚ ወደ ሆስፒታል በላክን ቁጥር ኮምፒውተሩ «ያመለጠ ደንበኛ» ብሎ ይይዘዋል። በማስመለጥ ሁሉንም በልጬ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

«ዶክዬ፣ ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ከቤቱ ላለመውጣት ነው። አንቺ መልሰሽ ታስወጪዋለሽ።»

«አንዳንዱ በሽታ በስልክ አይታከማ!»

«አይታከም አላልኩም። ደንበኛ አታስፈራሪ ነው ያልኩት።»

ቀጠለና «ብቻሽን ነሽ?» የሚለው ጥያቄም ይቅር አለ። ፖሊስ ያስመስለናል ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም፣ እንቅልፋሙ፣ ራሱን ነቀነቀ። መስማማቱ ይሁን ማንቀላፋቱ አልለየልኝም። ፋርማሲስቷ፣ ሁላችንም ወይዘሮ ብልቃጥ የምንላት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ልጅ ምጥም ስልክ ላይ የሚጫን ነገር መስሎታል» አለችኝ።

ጠረጴዛውን ደብድቤ ልነሣ ነበር። ተውኩት። ማስታወቂያው ገና መተላለፍ መጀመሩ ነው፣ በሳምንቱ መጣላት ደስ አይልም።

ሐሙስ፣ 13

የባለመጋረጃዋ እግር አብጧል። የእርግዝና ነው እንዳልል ግፊቷም ከፍ ብሏል። «ብቻሽን ነሽ?» የሚለውን ከልክለውኛል፤ ጠየቅኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ስልኩ ዞረና የአማትየዋ ፊት ሞላው።

«ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ? በቴሌቪዥን ባየሁዎት ቁጥር ለጎረቤት እነግራለሁ፣ የእኛ ሐኪም ናቸው እያልኩ!»

አመሰገንኳት። ከዚያ ሆስፒታል ሄዳ ብትታይ ጥሩ ነው አልኩ። ፊቷ ተለወጠ።

«የበኩር ልጄን በእግሯ አስገብቻት በሣጥን ነው የተቀበልኳት። ምጥ ላይ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ግቢ በር ላላይ ምያለሁ። እርስዎን ፈጣሪ ነው ያመጣልን ዶክተር። እርስዎ ባይኖሩ ይቺንም እበላት ነበር።»

ሆስፒታሉን መልሼ አላነሣሁም። ጠዋት ማታ ግፊቷን ለኩ፣ ከፍ ካለ ወዲያው ደውሉ አልኩ። እሺ አሉ። ደህና ናት። ደህና ትሆናለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «እበላት ነበር» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ማክሰኞ፣ 18

ቶሎ ልጻፈው። ባለመጋረጃዋ ደወለች።

ራስ ምታት። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባታል። ግፊቷ ሽቅብ ወጥቷል። የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባች ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታል፣ ልጁንም። በግልጽ ነገርኳቸው። አላለሳለስኩም።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ከእንግዲህ ከቤት አትወጪም ያሉት?» አማትየዋ። እየቀለደች አይደለም።

«እሱ እኮ ማስታወቂያ ነው እማማ!»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

የመድኃኒት ማዘዣውን ገጽ ዘጋሁት።

መድኃኒት አላዝም አልኩ። እምቢ ካልኩ ይሄዳሉ ብዬ። ሞኝ! ኮምፒውተሩ ላፍታም አልቆየ፣ ለሚቀጥለው ሐኪም አሳለፋት። ለእንቅልፋሙ። የራስ ምታት ኪኒን አዘዘላት። ሮጬ ምድር ቤት ስደርስ ባለሞተሩ ወጥቷል።

«ግፊቷን አላየህም?» አልኩት እንቅልፋሙን።

«የታካሚው ጊዜ አልፎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቱ ቀይ ሆኖብኝ ነበር። ራስ ምታት ይላል፣ የራስ ምታት ሰጠኋት። ምን ልሁን?»

ለአምቡላንስ ደወልኩ። «ቤተሰቡ ነው መደወል ያለበት» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። የባሏ ስልክ አይሠራም፣ መንገድ ላይ ነው። ባለራዕዩ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቤታቸው ሄደሽ ልትጎትቻት ነው? ክስ ታመጪብናለሽ» አለኝ። ሄጄስ? አማትየዋ እልል ብላ ነው የምትቀበለኝ። ሐኪሟ በአካል መጣችላት! ከዚያ ወዲያ ማን ያንቀሳቅሳታል?

ረቡዕ፣ 19

ጠዋት ደወሉ። ፊቷ አብጦ ሌላ ሰው መስላለች። አሁን ደግሞ ከጡቷ ሥር፣ በቀኝ በኩል ያማታል። የዚህን ትርጉም አውቀዋለሁ፣ ጉበቷ ተነክቷል፤ ባላውቀው በተሻለኝ። አማትየዋ ከጎኗ ሆና «ትናንት የላኩልን ኪኒን ብዙም አልያዘላትም፣ ጠንከር ያለ ይላኩልን» ትለኛለች። በትሕትና። በእምነት። እርር ድብን አልኩ።

ለመንኳት። ቆጣ አልኩባት። እንደገና ለመንኳት። «እርስዎ ካሉን ምን እንሆናለን» ትላለች። የምናገረው ሁሉ እኔኑ ከፍ ከፍ አድርጎ ይመለሳል። ስጮህ፣ አየሽ እንዴት እንደሚያስቡልሽ ትላታለች።

ያኔ ነው የመጣልኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ሳቀች። «አይቀልዱ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። ተዋናይ ነኝ። ለማስታወቂያው ነው የቀጠሩኝ። ጋዋኑም የእነሱ ነው።»

ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ጋዋኔን አየችው።

«እና... ይሄን ሁሉ ወር ስትነግሪን የነበረው?»

«ጽፈው ይሰጡኛል፣ አነባለሁ።»

«መድኃኒቱስ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ከዚያማ ወረደብኝ! «አንቺ ዓይን አውጣ! የሰው ነፍስ ይዘሽ ትጫወቺያለሽ! እንደቀለድሽብኝ ይቀለድብሽ! ልጄን ቀብሬ፣ ደግሞ የልጄን ሚስት ለቲያትር ሠሪ ሰጥቼ ቁጭ ልበል! ኧረ ጎረቤት! ኧረ መኪና ጥሩልኝ!» ስልኩን ወረወረችው መሰለኝ፣ ጣሪያ ብቻ ታየኝ። ሩጫ ሰማሁ፣ በር ሲበረገድ ሰማሁ፣ አንዲት ሴት «ቀስ አድርጓት» ስትል ሰማሁ። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

ባለመጋረጃዋ ግን ስልኩ እስኪወረወር ድረስ ትክ ብላ እያየችኝ ነበር።

ከሥራ ወጥቼ ቤት እስክገባ ከራሴ ጋር ስጣላ መጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ ስንት ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ቆሜ አድሬ፣ እውነቱን ስነግራት አልሰማችኝም። በአንድ ውሸት ተነሣች። በማን ልናደድ? በሷ? ልጇን የቀበረች ሴት ናት። ከቤት አትወጪም ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያውም እየሳቅኩ፣ ያውም ፈገግታ ጨምሬበት። ባለራዕዩን ጠላሁት፣ እንቅልፋሙን ጠላሁት፣ ከሁሉም ይልቅ ያንን አደባባይ ላይ የተሰቀለ ድድ ጠላሁት።

ሄደዋል ግን? ወይስ ሌላ ስልክ ፍለጋ ነው የሮጡት?

ሐሙስ፣ 20

ምንም የለም። ስልካቸው ዝግ ነው። እማዬ ደወለች፣ አላነሣሁም።

ዓርብ፣ 21

ሆስፒታሎቹ ጋ በየተራ ደወልኩ። «ምንሽ ናት?» ይሉኛል። ምኔ ናት? «ታካሚዬ» ስል «ታዲያ የት እንዳለች አንቺ አታውቂም?» አለኝ አንዱ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ነበር።

ለእማዬ ዛሬም አልደወልኩም። ቅባቱ ደርሷል ይላል ኮምፒውተሩ። ደህና ናት ማለት ነው።

ሰኞ፣ 24

ባለራዕዩ እሳት ጎርሶ ገባ። ሁላችንንም ሰበሰበና አንድ የድምፅ መልእክት ከፈተ። ለደንበኞች አገልግሎት የተላከ አቤቱታ ነው። ገና «እናንተ ሌቦች» ሲል የማን እንደሆነ አወቅኩት።

«እናንተ ሌቦች! ሐኪም ነን ብላችሁ ተዋናይ ታስቀምጣላችሁ? ራሷ እኮ ናት ያመነችው! ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ፣ እውነተኞቹ፣ ትንሽ ብትቆዩ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር አሉን። እዚያው በቀዶ ሕክምና አወጡልን፣ ሴት ልጅ! እናቲቱም በሕይወት አለች፣ አንጀታችሁ ይረር! ስንት ዓመት አልረግጠውም ያልኩትን ግቢ በእናንተ ምክንያት...»

ድምፁን አቋረጠና ዞሮ አየኝ። «ዶክዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ንገሪኝ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ድገመው» አልኩት።

«ምን?»

«ሆስፒታል ስንደርስ ካለችበት ጀምሮ ድገመው።»

ያበድኩ መሰለው። ወይዘሮ ብልቃጥ ተነሥታ ራሷ ደገመችው። አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ አፍንጫዬን በጋዋኔ እየጠረግኩ። እንቅልፋሙ እንኳ ነቅቶ ነበር።

ረቡዕ፣ 26

አማትየዋ ድምፁን ለጎረቤት ሁሉ ልካዋለች። ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ደንበኛ ይሸሻል። አደባባዩ ላይ ፎቶዬን አንዱ ሥራ ፈት ጥርሴን በጥቁር ቀለም አጥቁሮታል። አይቼው መጣሁ። የሙያ ፈቃድ ሰጪዎቹ አስረጂ ብለው ጠሩኝ፤ ለእነሱ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ሐኪም አይደለሁም ያለ ሐኪም አጋጥሞን አያውቅም» አሉና እናየዋለን ብለው አሰናበቱኝ። ፊታቸው ደስ አይልም።

ባለራዕዩ በቴሌቪዥን ወጥተሽ እውነተኛ ሐኪም ነኝ በዪ ይለኛል። አልልም አልኩ።

«የራስሽ ስም እኮ ነው!»

«ሴትዮዋ ካየችው ያቺን ልጅ መልሳ መጋረጃው ሥር ታስቀምጣታለች። ልጅቷ ግፊቷ ገና አልወረደም ይሆናል፣ ቁስሏ አልዳነም። ሐኪም በእጁ ሊነካት ይገባል።»

«በሳጥናችን ትለካለቻ!»

ሳጥኑን በራሱ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ። እሺ አልል ስለው የዲግሪ ወረቀቴን ቅጂ ከመዝገብ አውጥቶ በወርቃማ ክፈፍ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ደግሞ ሰቀሉኝ።

እሑድ፣ 30

እማዬ ደወለች። «በቴሌቪዥን የነበረችው ሴት አታላይ ናት ይላሉ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «እንዲያው ምን ሆነሽ?» ብላ ስቃ ተወችው። ጉልበቷ አልተሻላትም። ቅባቱን በደንብ ቀቢው ስላት ማጎንበስ ስለማትችል የሚቀባት ባለሞተሩ ነው አለችኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አለቆቹ ጋ አስመሰግነዋለሁ። ዝናቡ ካባራ በሚቀጥለው እሑድ እሄዳለሁ ብያታለሁ።

ረቡዕ፣ 10

እንግዳ መቀበያው ሰው ሞልቶበታል። ግማሹ ደንበኝነቱን ሊሰርዝ የመጣ ነው። ከፎቅ ስወርድ በሩ ተበርግዶ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሳጥናችንን አቅፋ ገባች። በፊቷ እንጂ በቁመናዋ አላውቃትም ነበር፤ አማትየዋ ናት። ከኋላዋ ባለመጋረጃዋ፣ ሕፃን ታቅፋ። ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ከእኔ በጣም ትረዝማለች።

«እንኩ ሳጥናችሁን! የልጄንም ስልክ ቁጥር ከዚህ ፍቁልኝ!» ብላ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «አንቺ! ዛሬም እዚሁ ነሽ? አላሰሩሽም?»

«እዚሁ ነኝ እማማ።»

«አፈር ብዪ! ማክሰኞ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፣ ግፊቷን ያዩላታል፣ ልጅቷንም ይመዝኑልናል። እጃቸው ይባረክ። አንዲት ቀን አናጎድልም፣ እኔው ራሴ ነኝ ይዣት የምሄደው። በእናንተ ብንተማመን ኖሮ...»

ባለራዕዩ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። «እናቴ፣ እናቴ፣ ተሳስተዋል! ዶክተራችን እውነተኛ ሐኪም ናት! ይኸው ዲግሪዋ!» ክፈፉን ከግድግዳው አውርዶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

አማትየዋ መነጽሯን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣች። ወረቀቱን ታየዋለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ማኅተሙን በጣቷ ትነካዋለች። ፊቷ መለሳለስ ሲጀምር አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ያ የድሮው እምነት ነው። ሐኪማችን እውነተኛ ከሆነች ማክሰኞ ለምን እንንገላታለን? ማለቷ እንደማይቀር ገባኝ። ባለመጋረጃዋም ገብቷታል። ልጇን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ሰዉ ሁሉ ያየናል። አንዷ ስልኳን ደግና ትቀርጻለች። ፈቃድ ሰጪዎቹ ገና መልስ አልሰጡኝም።

«ፎርጅድ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?» ባለራዕዩ ነው።

«ዲግሪው። ፎርጅድ ነው። ከፍዬ ያሠራሁት ነው።»

አማትየዋ ክፈፉን እንደ እሳት ለቀቀችው። «አላልኩም! ፊቷን አይቼ አላልኩም!» የልጇን ሚስት ክንድ ያዘች። ባለመጋረጃዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አንድ እርምጃ ወደኔ ጠጋ አለች።

«ራስ ምታቱ ለቆኛል ዶክተር።»

«ምን ዶክተር ትያታለሽ! ነይ ውጪ!»

ወጡ። በዝናቡ መንገዱን ተሻግረው አውቶቡስ መቆሚያው እስኪደርሱ በመስኮት በዓይኔ ተከተልኳቸው፣ አማትየዋ ጃንጥላውን ለሕፃኗ ይዛ እየተሳደበች።

ባለራዕዩ ክፈፉን ታቅፎ መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል። ፊቱ ደም መስሏል። «አሁን ይሄን ማን ያስተካክለዋል?» አለኝ።

ማንም እንዳይነካው አልኩት።